ስሙ የሚናገረው ስለተለቀቀው አገር ነው

ከቦታ ስም የተገኙ የመካከለኛው ዘመን የፈረንሳይ የቤተሰብ ስሞችን አመጣጥ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ነገር፣ ስሙ በአብዛኛው የሚያመለክተው ባለስሙ የኖረበትን ሳይሆን ለቆት የመጣውን ቦታ መሆኑን ነው። የአንድ መንደር ነዋሪ ሁሉ በመንደሩ ስም ቢጠራ አንዱን ከሌላው መለየት ስለማይቻል፣ እንዲህ ያለውን ስም የሚያወጡለት ሰውየው ከአገሩ ተነሥቶ በሄደበት ያገኛቸው አዳዲስ ጎረቤቶቹ ነበሩ። በንጉሥ ፊሊፕ አራተኛ ዘመን፣ በ1292 እ.ኤ.አ. በተዘጋጀው የፓሪስ የግብር መዝገብ «ብረቶኑ» (ከብሪታኒ፣ ከምዕራብ ፈረንሳይ የመጣው)፣ «እንግሊዙ»፣ «ሎምባርዱ» (ከሰሜን ጣሊያን የመጣው) እየተባሉ የተጻፉ ግብር ከፋዮች የሚገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሩቅ የመጣው በክፍለ ሀገሩ ሲጠራ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ብቻ ተጉዞ የመጣው ግን ጎረቤቶቹ በሚያውቋት ትንሽ መንደር ይጠራል፤ ስለዚህ ስሙ ራሱ የጉዞውን ርዝመት መገመቻ ይሆናል።

በጣም የምወደው ምሳሌ ሳቪኚና ሳቪኛክ ነው። ሁለቱም ሳቢኒዩስ በሚል የሮማውያን የሰው ስም ላይ «አኩም» የተባለው ቅጥያ ተጨምሮበት የተገኙ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ቅጥያው በሰሜን ወደ «ኢ» ሲለወጥ በደቡብ «አክ» ሆኖ ቀረ። በመሆኑም የስሙ መጨረሻ ብቻ ቤተሰቡ ከየትኛው የአገሪቱ ክፍል እንደተነሣ ፍንጭ ይሰጣል። ቪልነቭ፣ ማለትም «አዲስ ከተማ»፣ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም፤ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን ደን እየተመነጠረ አዳዲስ ሰፈራዎች ሲቆረቆሩ ብዙዎቹ ይህንኑ ስም ስለተሰጣቸው፣ ደብሩን ወይም የአካባቢውን ጌታ የሚጠቅስ ሰነድ ሳይገኝ «ከዚህኛው ቪልነቭ ነው» ብሎ መደምደም ትልቅ ድፍረት ነው።

የላቲን ሰነዶችም ጥንቃቄ ይሻሉ። ጸሐፊው «ዴ ቦስኮ» ብሎ የመዘገበው ሰው በሰሜን ዱብዋ፣ በደቡብ ዴልቦስ እየተባለ የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም «የጫካው» ማለት ናቸው። ከስም ፊት የሚገባው «ደ» (በፈረንሳይኛ «ከ» ወይም «የ» ማለት ነው) የመኳንንት ምልክት ነው የሚለው እምነትም፣ ቢያንስ ለዚያ ዘመን፣ መቅረት አለበት፤ ጌቶች በያዙት ርስት ቢጠሩም ገበሬውና የእጅ ባለሙያውም በዚያው «ደ» ይጠሩ ነበርና።

ካህናት የጥምቀት መዝገብ እንዲይዙ ያዘዘው የቪሌር ኮትሬ የንጉሥ ድንጋጌ የወጣው በ1539 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ላለው ዘመን የግብር መዝገቦችን፣ የገዳማትን የርስት ሰነዶችና በተለይም በደቡብ የውል አዋዋዮችን መዛግብት ማገላበጥ ግድ ነው። የጠፋች ትንሽ መንደር ስትፈለግ ደግሞ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን የተነሣው ዝርዝር የፈረንሳይ ካርታ፣ የካሲኒ ካርታ፣ ወፍጮዎችንና ነጠላ እርሻዎችን ሳይቀር ስለሚያሳይ፣ ከዛሬው ካርታ ይልቅ እሱን ማስቀደም እመርጣለሁ።