አዘዞ ላይ የክፍል አለቃ ስንመርጥ

ጎንደር ከተማ፣ አዘዞ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ድሮ የክፍል አለቃ የሚመረጠው እጅ በማውጣት ነበር፤ ልጁ ጓደኛውን አይቶ ነው እጁን የሚያነሳው። አሁን ብጣሽ ወረቀት አጣጥፈው ካርቶን ውስጥ ይከታሉ። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላዋ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጭረት ታሰምራለች። የተሸነፈ ልጅ "ይቆጠርልኝ" ካለ እንደገና ይቆጠራል። የባጃጅ ሹፌሩ ልጅና የገበሬው ልጅ እኩል አንድ አንድ ወረቀት አላቸው፤ ይኼ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ለመምረጥ 18 ዓመት ይጠይቃል። ልምዱ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን በአማራ ባለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እነዚያን ልጆች ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ በቶሎ ወደ ክፍል ይመለሱ።