ከባለቤቴ አምስት ቤት ወደ ላይ፦ ግዞተኛዋን ሴት ፍለጋ እስካሁን የደረስኩበት

ሰባት ቤት ስትቆጥር ላደገች ሴት፣ ልጆቿ በአባታቸው በኩል ከሦስተኛው ቤት አለማለፋቸው ይከነክናል። የሜልበርኗን አማቴን ስጠይቃቸው "ከአየርላንድ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ" ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ነገሩን የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። የትዳር ጓደኛችሁ የዚህ አገር የአውስትራሊያ ተወላጅ ከሆነና የልጆቻችሁን ዘር መቁጠር ከፈለጋችሁ የሄድኩበት መንገድ ይጠቅማችሁ ይሆናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻዬ የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት የሲቪል ምዝገባ የተጀመረው በ1853 ሲሆን፣ የሞት ወረቀቱ ለዘር ቆጣሪ ሲሳይ ነው፦ የሟችን ወላጆች፣ የትውልድ ቦታ፣ የት እንዳገባች፣ የልጆቿን ስምና ዕድሜ ይዟል። ከባለቤቴ ወደ ላይ አምስተኛዋ የሆነችው ሴት ወረቀት ላይ የጋብቻ ቦታዋ "ሆባርት" ይላል፤ የታዝማኒያ ደሴት ዋና ከተማ ናት። አየርላንዳዊት ሆና በዚያ ዘመን ታዝማኒያ ውስጥ ያገባች ሴት ስታጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግዞት ነው። እንግሊዝ ከ1788 እስከ 1868 ድረስ ወደ አውስትራሊያ 162,000 ያህል ፍርደኞች ልካለች። ከእነዚህ 25,000 ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ ግማሽ የሚሆኑት የወረዱት ያኔ ቫን ዲመንስ ላንድ በምትባለው በታዝማኒያ ነው።

እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷ ስም አይለቃትም። እነሱ ዘንድ ግን የሠርጓ ዕለት ስሟ ይቀየርና ፍለጋው ግድግዳ ይመታል። እንደ ዕድል ሆኖ ግዞተኛ ያለ መንግሥት ፈቃድ ማግባት ስለማይችል የጋብቻ ፈቃድ መዝገብ አለ። ሆባርት ባለው የታዝማኒያ ቤተ መዛግብት "ኮን 52" በሚል ምልክት ይገኛል፤ ገጾቹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያሉ። የልጅነት ስሟንና የመጣችበትን መርከብ ያገኘሁት እዚያ ነው። መርከቡን ካወቃችሁ ፊደሉ ላይ ችክ አትበሉ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ የአየርላንዱን ስም እንደሰማው ስለሚጽፈው አንዷ ሴት በየመዝገቡ ሌላ ሰው ትመስላለች። እኔ በመርከብና በዓመት ነው የምፈልገው።

ዋናው ሀብት "ኮን 41" ነው፤ ከ1844 በኋላ የገቡ ሴቶች የፀባይ መዝገብ። የእሷ አንድ ገጽ ብቻ ናት። በ1848 ገባች፤ ጨርቅ ሰርቃ ሰባት ዓመት ተፈርዶባታል። ካቶሊክ ናት፣ ማንበብ ትችላለች፣ መጻፍ አትችልም፣ ቁመቷ ከ5 ጫማ በታች ነው። ዘመኑ የአየርላንድ ታላቁ ረኃብ መሆኑን ልብ በሉ። መጀመሪያ ደርወንት ወንዝ ላይ በቆመች "አንሰን" በተባለች አሮጌ የጦር መርከብ ውስጥ ስድስት ወር ታስራ የቤት ሥራ ተማረች፤ ከዚያ በደመወዝ ሰው ቤት ተቀጠረች። ከዚህ በኋላ ያለው የቅጣት ዝርዝር ነው፦ ያለ ፈቃድ ከቤት ወጣች፣ አሠሪዋን ተሳደበች። አንድ ጊዜ ለብቻዋ ጨለማ ክፍል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ካስኬድስ የሴቶች ማረሚያ ልብስ አጠባ።

መጀመሪያ ሳነብ አስቸጋሪ ሴት መሰለችኝ። አሁን የማነበው ሌላ ነው። ፀባይ ይባል እንጂ ይህ የቅጣት ደብተር ነው፤ ጸሐፊው ብዕሩን የሚያነሳው ሰው ሲከሳት ብቻ ነው። ከ1850 በኋላ አንድም ክስ የሌለበት ሁለት ዓመት አለ። አግብታ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በዚያ መሃል ነው። ኑሮዋን የምፈልገው ባዶው መስመር ላይ ነው እንግዲህ።

ካስኬድስን ሄጄ አይቼዋለሁ። ዛሬ የቀረው በአብዛኛው የድንጋይ አጥር ነው፤ ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የግዞት ሥፍራዎች አንዱ ነው። እዚያ የታሰሩ እናቶች ልጆቻቸው ጡት ከጣሉ በኋላ ይለያዩዋቸው ነበር፤ የተረፉት ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ኒው ታውን ወዳለው የወላጅ አልባዎች ትምህርት ቤት ይወሰዱ ነበር። ብዙዎቹ አልተረፉም።

ለአማቴ ዝምታ ምክንያት የሚሆን ነገር ያገኘሁት ደግሞ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው። በ1853 ቅድመ ሁኔታ ያለው ምሕረት ተሰጣት፤ ማለትም ፍርዷ ሳያልቅ በገደብ ተለቀቀች። በ1854 ሁለተኛ ልጇ የተወለደው ቪክቶሪያ ውስጥ ነው። ወርቅ ከተገኘ በኋላ ቪክቶሪያ በ1852 ባወጣችው ሕግ ግን እንዲህ ዓይነት ምሕረት የያዘ ሰው ከታዝማኒያ መግባት አይችልም፤ ከተያዘ ይታሰራል ወይም ይመለሳል። ስለዚህ ተደብቃ ነው የገባችው። "ከአየርላንድ በቀጥታ መጣን" ማለት የተጀመረው ያኔ ይመስለኛል፤ ልጆቿም ያንኑ ወረሱ። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ኋላ "ታዲያ ቁመቷ እንደኔው ነዋ!" ብለው ሳቁ።

የአየርላንዱ ነገር ያስገርማል። በ1922 ደብሊን ያለው መዝገብ ቤት ሲቃጠል የሕዝብ ቆጠራው አብዛኛው አብሮ ጠፋ። የግዞተኞች ወረቀት ሌላ ቦታ፣ ደብሊን ካስል ስለነበር ተረፈ። ጨርቅ የሰረቀችዋን በዓይኗ ቀለም ሳይቀር አውቃታለሁ፤ ሳትሰርቅ አገሯ የቀረችው እህቷ ግን ስሟ የተገኘው ሆባርት ላይ ጸሐፊው ግዞተኛዋን "ዘመድ አለሽ?" ብሎ ስለጠየቃት ብቻ ነው። ያ ዝርዝር "ኮን 15" ላይ ነው፤ አትዝለሉት።

ቀጥሎ የማየው የመርከቡን ሐኪም ማስታወሻ ነው፤ የእነዚህ መርከቦች ማስታወሻዎች ለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ከዚያ በፊት ግን ፀባይ መዝገቧ ላይ ከ1849 ክስ አጠገብ ሦስት ፊደል ያላት አህጽሮት አለች፤ የዳኛው ስም ትሁን የቦታ አልለየሁም። የዘመኑን የእጅ ጽሕፈት የለመዳችሁ ካላችሁ ፎቶውን ልላክላችሁ።