የአሰብ መንገድ በጣርማ በር፦ ግንቡ፣ ቦዩና ኖራው

ጣርማ በር ላይ መኪናውን ያቆመ መንገደኛ መጀመሪያ ፎቶ የሚያነሳው ዋሻውን ነው። ቀጥሎ ጭላዳውን፣ ከዚያ ከገደሉ ሥር እየተግተለተለ የሚወጣውን ጉም። ደብረ ሲና ሲወርድ ቆሎውን ይገዛና ይሄዳል። ዋሻው ፎቶ ይገባዋል። 587 ሜትር ይረዝማል፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ጥቁሩን ድንጋይ ቦርቡሮ ያወጣው ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ፎቶ ስለማይነሳው ሥራ ነው፤ ከአስፋልቱ ጠርዝ በታች ስላሉት የድጋፍ ግንቦች፣ ስለ ቦዮቹና ከመንገዱ ሥር ውኃ ስለሚያሻግሩት ከልቨርቶች። መንገዱን ከሰማንያ ዓመት በላይ ተሸክመው የቆዩት እነሱ ናቸው፣ አሁን እየተበላሹ ያሉትም እነሱ ናቸው። እኔ የወደብ ቅርስ እላቸዋለሁ።

በቅድሚያ፣ ይህን ለምን የወደብ ቅርስ እንደምለው። የወደብ ቅርስ ሲባል ክሬን፣ መጋዘንና መርከብ የሚታሰርበት ግንብ ይታሰባል። ለሰሜን ሸዋ ሰው ወደብ ማለት ግን ጭነት የሚወርድበትና የሚወጣበት ዳገት ነበር። አሰብ የዘመናዊ ወደብነት ታሪኳ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1869 ጁሴፔ ሳፔቶ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ መሬቱን ሲገዛ ነው። በ1882 የጣሊያን መንግሥት ተረከበው። ከአሰብ የተጫነው ዕቃ አፋርን አቋርጦ፣ በባቲና በኮምቦልቻ ዞሮ፣ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ ወደ ጣርማ በር ይወጣ ነበር። ኋላ የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ሲከፈት ከባዱ ጭነት ወደ ቆላው ዞረ፤ ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አሰብ ራሷ ተዘጋችብን። ዳገቱና ግንቦቹ ግን እዚሁ ቀሩ። ኤን ትሬ የሚባለው የፊያት የጭነት መኪና ሞተር ፍሬኑን እያስጓራ፣ በወጣበት ማርሽ የሚወርድበት ዘመን አልፏል፤ የተሸከመው ድንጋይ ግን ያው ነው።

የመርከብ ማቆሚያ ግንብና የገደል መንገድ ግንብ፣ በሥራ መርሕ፣ አንድ ዓይነት ነገር ናቸው። ሁለቱም በክብደታቸው ብቻ አፈር ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1846 የተከፈተው የሊቨርፑሉ አልበርት ዶክ መሐንዲስ ጄሲ ሃርትሊ ትልልቅና ቅርጻቸው የተለያየ የግራናይት ድንጋዮችን እያገጣጠመ ከባድ ግንብ መሥራቱ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ግንብ የሚፈተነው ውኃው ሲሞላ ሳይሆን ሲጎድል ነው። የባሕሩ ውኃ ከፊት ሲሸሽ ከግንቡ ጀርባ አፈር ውስጥ የገባው ቶሎ አይወጣም፤ ከፊት የሚመክተው ሳይኖር ከኋላ ብቻውን ይገፋል። በእኛ ዳገት ባሕር የለም፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን አሉ። ከፊት ምንጊዜም ባዶ፣ ከኋላ ደግሞ በክረምት ጢም ያለ፤ እንዲያውም የእኛ ይብሳል።

ቁጥሩን አንዴ መሥራት ይጠቅማል። 4 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ አማካይ ውፍረቱ 1.2 ሜትር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 11.5 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከመሠረቱ ጋር ያለው ሰበቃ በ0.6 ቢታሰብ እስከ 7 ቶን የሚደርስ ግፊት ሳይንሸራተት ይችላል። ጀርባው ላይ ያለው ደረቅ ጠጠራማ አፈር ከሆነ የሚገፋው ወደ 5 ቶን ነው። ደህና ነው። ያው አፈር እስከ አናቱ ውኃ ሲሞላ ግን ግፊቱ 10 ቶን ይደርሳል። ድንጋዩ አልተለወጠም፣ ጭነት አልተጨመረም፣ የምድር መናወጥ የለም፤ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውኃው መውጫ አጣ። ግፊቱ ከከፍታው ጋር እኩል እንደማይጨምርም ልብ በሉ፤ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ የ8 ሜትር ግንብ ላይ የተዘጋ ቀዳዳና የ2 ሜትር ግንብ ላይ የተዘጋ ቀዳዳ እኩል አያሳስቡም።

የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹን የምንፈልገው ለዚህ ነው። በደንብ በተሠራ ግንብ ላይ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ ወደ ውጭ ያዘነበሉ፣ በየ1.5 ወይም በየ2 ሜትሩ የተተዉ ቀዳዳዎች ይኖራሉ። ከጀርባቸው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ንጹህ ጠጠር መኖር አለበት፤ አፈሩን የሚያስቀር፣ ውኃውን የሚያሳልፍ። በክረምት ዝናብ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግንቡን ከታች ሆናችሁ ተመልከቱት። ቀዳዳው ደረቅ ሆኖ የድንጋዩ መጋጠሚያ ካላበ ቀዳዳው ተደፍኗል። ቀዳዳውም መጋጠሚያውም ደረቅ ሆኖ የግንቡ ሆድ ከተነፋ ደግሞ ነገሩ ከበድ ያለ ነው።

የሆድ መነፋትን በዓይን መገመት ያሳስታል። ከግንቡ አናት ላይ በአንድ ዘንግ ቱንቢ አውርዱና ከክሩ እስከ ድንጋዩ ያለውን ርቀት በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ለኩ፤ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ እዚያው ቦታ ድገሙት። አንድ ጊዜ የተነፋና ከዚያ በኋላ ያልተንቀሳቀሰ ግንብ ለብዙ ዓመት ሊቆም ይችላል። በአንድ ክረምት 1 ሴንቲ ሜትር የጨመረ ግን ትንሽ ቢመስልም በጉዞ ላይ ያለ ነው። ስንጥቅ ከሆነ በግራና በቀኙ አንዳንድ ሚስማር ምቱና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ። ስንጥቁ ላይ ሲሚንቶ መለቅለቅ መለኪያውን መደበቅ ነው።

ወደ ሲሚንቶ ከመጣን፣ በአሮጌ ግንብ ላይ በበጎ ፈቃድ ከሚደርሱት ጥፋቶች ትልቁ ይኸው ነው። የጣርማ በር ድንጋይ ባሳልት ነው፤ ጂኦሎጂስቶች አንድን የባሳልት ንብርብር በሙሉ «የጣርማ በር ባሳልት» ብለው በዚሁ ቦታ ሰይመውታል። ጥቁር ድንጋይ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ውኃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ግንቡ የሚተነፍሰው በመጋጠሚያው ብቻ ነው። መጋጠሚያውን በጠንካራ የሲሚንቶ ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ምርግ) ስትደፍኑት የቀረችውን አንዲት አፍንጫ ያዛችሁ ማለት ነው። ከሁለት ከሦስት ክረምት በኋላ ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል፣ ከኋላው ያለው አሮጌ ሞርታር ደግሞ አሸዋ ሆኖ ይፈስሳል። የሚያሳዝነው፣ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ግንቡን ያስዋበ መስሎት ነው፤ ለጥቂት ወራትም በእርግጥ ያምራል።

ከመንካታችሁ በፊት ግንቡ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ። በደረቁ የተደረደረ ከሆነ (መጋጠሚያው ውስጥ ሁለትና ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ ምንም ነጭ ቅሪት የለም) በፍጹም አትለስኑት፤ ክፍተቱ ራሱ የውኃ መውጫው ነው። ሞርታር ካለው በሚስማር ጫሩት። ኖራ ከሆነ በቀላሉ ይጫራል፣ ቀለሙ ነጣ ያለ ነው፣ ውስጡ ላይ ነጫጭ የኖራ ጓሎች ይታያሉ። ሲሚንቶ ከሆነ ሚስማሩ ይንሸራተታል፣ ቀለሙም ግራጫ ነው። በመጀመሪያ በሲሚንቶ የተሠራን ክፍል በኖራ ለመተካት መድከም አያስፈልግም፤ ቀዳዳዎቹን መክፈት ይበቃዋል።

የኖራ መጋጠሚያ ሲጠገን ያረጀውን ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ወይም የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ያህል ቆፍራችሁ አውጡ። በመሮና በመዶሻ ይሁን፤ የመቁረጫ ማሽን የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። አቧራውን አጥቡ፣ ድንጋዩን አርጥቡ። ለድብልቁ 1 ባልዲ በውኃ ተብላልቶ 3 ሳምንት ያህል የቆየ ኖራ፣ ግማሽ ባልዲ በደንብ የተፈጨ የሸክላ ጡብ ዱቄት፣ 2 ባልዲ ተኩል ሻካራ አሸዋ ውሰዱ። የሸክላው ዱቄት ለጌጥ አይደለም፤ ተራ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር ተገናኝቶ ነው፣ እርጥበት በማይለየው ግንብ ውስጥ ያለ እሱ ለወራት ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። አሸዋውን በጠርሙስ ውኃ ውስጥ በጥብጣችሁ አስቀምጡት፤ ከላይ የሚረጋው ደለል ከ6 ከመቶ በላይ ከሆነ ታጥቦ ይምጣ። ያልተብላላ ኖራ ውኃ ሲነካው ስለሚፈላ ዓይናችሁን ጠብቁ።

ሰፋፊ መጋጠሚያዎችን በሞርታር ብቻ መሙላት ሌላው ስሕተት ነው። ከድንጋይ ጠራቢው እግር ሥር የሚወድቁትን ስንጣሪዎች ሰብስቡና እየሰገሰጋችሁ ሙሉት፤ ሞርታሩ የሚይዛቸው እንጂ የሚተካቸው አይደለም። ብዙ ሞርታር ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል፤ ድንጋይ አይሸበሸብም። ሥራው ካለቀ በኋላ ለአንድ ሳምንት እርጥብ ጆንያ አልብሱት።

ዋናው ችግር ወቅቱ ነው። ኖራ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ አይሠራም፣ ገና እርጥብ ሳለ ውርጭ ካገኘው ደግሞ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ደጋው ላይ የውርጩን ነገር ለሰሜን ሸዋ ሰው መንገር አያስፈልግም። ክረምቱ እስከ መስከረም ይዘልቃል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ነው፣ ከየካቲት ጀምሮ በልግ ይመጣል። የሚቀረው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለችው ጠባብ ጊዜ ናት። በጀት የሚለቀቅበት ጊዜና ይህ ጊዜ ሳይገናኙ ሲቀሩ ውጤቱ ታኅሣሥ ላይ የተለሰነ ግንብ ነው።

ቦይና ከልቨርት ላይ ብዙ መናገር አያሻም፤ መጽዳት አለባቸው፣ አለቀ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን መውጫውን ነው። የሚጸዳው መግቢያው ነው፣ ምክንያቱም ከአስፋልቱ ላይ ይታያል። መውጫው በኩል ውኃው እየዘለለ ከታች ያለውን አፈር ይቆፍራል፤ የከልቨርቱ ጫፍ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና አንድ ቀን ክንፍ ግንቡን (ከአፉ ግራና ቀኝ ያለውን ግንብ) ይዞት ይወርዳል። መድኃኒቱ መውጫው ሥር ድንጋይ ማንጠፍና በንጣፉ መጨረሻ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የጠለቀ የድንጋይ መስመር መቅበር ነው።

ዋሻውም ውስጥ ሕጉ ያው ነው። ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውኃ ላይ ሲሚንቶ መምረግ ውኃውን ሁለት ሜትር ወዲያ ያሻግረዋል እንጂ አያቆመውም። ቀዳዳ ተከፍቶ በቱቦ ወደ ጎን ቦዩ ማውረድ ነው የሚሻለው።

ውኃ በዚህ ዳገት ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ራቅ ብሎ መሄድ የለበትም። መስከረም 1998 ዓ.ም. ደብረ ሲና አጠገብ በይዛባ ወይንና በሾተል አምባ የተንሸራተተው መሬት መንደር ይዞ ነው የሄደው። በተሰነጣጠቀ ባሳልት ላይ የተከመረ ልቅ አፈር ክረምቱን ሙሉ ውኃ ጠጥቶ ነበር። እንዲህ ያለውን የድጋፍ ግንብ አይመልሰውም። ግን ከመንገዱ የሚወርደው ጎርፍ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ እዚያ ዳገት ውስጥ እንዳይሰርግ ማድረግ ይቻላል፤ ጣሊያኖቹ መኪና ወደ ገደሉ እንዳይገባ የሚከለክለውን አጭር የጠርዝ ግንብ ቆራርጠው፣ በየመሐሉ ክፍተት እየተዉ የሠሩት ለዚህም ጭምር ነው። ክፍተቶቹ በአፈር ሲሞሉ ጠርዙ ግድብ ይሆናል፣ ጎርፉም የመጀመሪያውን ደካማ ቦታ ፈልጎ ይበጥሳል።

የጠርዝ ግንቡ ሌሎች ጠላቶችም አሉት። አስፋልት ሲደረብ በእያንዳንዱ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ከቁመቱ ይበላበታል፤ ሦስት ጊዜ ከተደረበ 15 ሴንቲ ሜትር ሄደ፣ የመኪና ጎማ የሚመልሰው ግንብ የእግር መቀመጫ ሆነ። የላላው ድንጋይ ደግሞ ተነቅሎ ታኮ ይሆናል፣ መኪናው ሲነሳ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። በመጋጠሚያው የሚበቅለውን ችግኝ በተመለከተ፣ ባሕር የሌለን ሰዎች ባሕር ዛፍ ግን ሞልቶናል፤ ሥሩ ግንብ ውስጥ ከገባ አትንቀሉት፣ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። ከሥሩ ቁረጡት፣ ባቆጠቆጠ ቁጥር ድገሙት፤ ሥሩ ሲሞት ክፍተቱን በስንጣሪና በኖራ ሙሉት።

በጣም ጥቂት ገንዘብ፣ በጣም ትንሽ ሰውም ካለ አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ቀዳዳዎቹን መክፈት። 1.5 ሜትር የሆነ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይበቃል። ጫፉን አታሹሉት፣ ከኋላ ያለውን ጠጠር ይበትናል። እያሽከረከራችሁ አስገቡት፣ በመዶሻ አትምቱት። ከቀዳዳው ፊት ለፊት አትቁሙ፣ ጎኑ ላይ ሁኑ፤ የታመቀ ውኃ ካለ ጭቃውን ይዞ በኃይል ይወጣል። መጀመሪያ የሚፈስሰው ጥቁር ነው፣ ቀስ በቀስ ይጠራል። ከግማሽ ሰዓት በኋላም አፈር ይዞ መምጣቱን ከቀጠለ ከኋላው ማጣሪያ ጠጠር የለም ማለት ነው። ያን ቀዳዳ በቀለም ምልክት አድርጉበትና መጀመሪያ የሚቆፈረው ቦታ እሱ ይሁን፤ እስከዚያው አፉ ላይ ደቃቅ ጠጠር የሞላበት የሽቦ ወንፊት አስገቡበት።