በሁለት ቁልፎች መካከል ያለው ድምፅ፦ ለህንድ ሙዚቃ ድርሰት ኪቦርድ ስመርጥ

የመጀመሪያዋን ኪቦርዴን የገዛሁት ካርቶኗ ላይ የተጻፈውን አንድ መስመር አምኜ ነው። «የህንድ ድምፆችና ምቶች አሏት» ይላል። ባለሱቁም አንዷን ቁልፍ ተጭኖ ሲታር የሚባለውን የህንድ ባለ ክር መሣሪያ የሚመስል ድምፅ ካሰማኝ በኋላ «ወንድሜ፣ ሲታሩም፣ ከበሮው ታብላም እዚሁ ውስጥ አለልህ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። ሌላ የምፈልገው ነገር መኖሩን ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበርና ከፍዬ፣ ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ በባጃጅ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ጉዱ ተራ በተራ ወጣ። ቁልፉን በጣቴ ጫፍ ብዳብሰውም በኃይል ብመታውም ድምፁ ያው ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሰኪያ የላትም፤ ሲታሯም ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ትዘላለች እንጂ አትንሸራተትም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከደመወዙ እየቆነጠረ ባጠራቀመው ብር ለህንድ ሙዚቃ ድርሰት የሚሆን ኪቦርድ ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ፣ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል ነው።

በእኛ በአዳማ ከህንድ የመጣ ነገር ባጃጁ ብቻ አይደለም። የእኔ ዕድሜ እኩዮች በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብበን የህንድ ፊልም እያየን ያደግን ነን፤ ከቋንቋው አንዲት ቃል ሳናውቅ ዘፈኑን ከነለቅሶው በቃላችን እንወጣው ነበር። እኔም ወደ ድርሰቱ የገባሁት የእህቴ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ለወላጆች ቀን የሚቀርብ የህንድ ውዝዋዜ ማጀቢያ እንድሠራ ተጠይቄ ነው። ቀን ቢሮ እውላለሁ፤ ማታ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ እሠራለሁ።

ስለ ኪቦርድ ምርጫ የማውቀውን ያስተማረኝ በጎረቤታችን ግቢ ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ ህንዳዊ መምህር ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት እናቴ ቡና አፍልታ ጠራችው፤ ኪቦርዷን ሲያያት ሊዘፍንልን ፈለገና «ካሊ ኤክ» ስጠኝ አለኝ። ግራ ገባኝ። ኋላ እንዳስረዳኝ ካሊ ማለት ጥቁር፣ ኤክ ማለት አንድ ነው፤ ህንዳውያን ዘፋኞች የሚነሡበትን መነሻ ድምፅ በቁልፎቹ ቀለምና ተራ ቁጥር ይጠሩታል፤ ካሊ ኤክ የመጀመሪያው ጥቁር ቁልፍ፣ እኛ ሲ ሻርፕ የምንለው ነው። የቁልፎቹን ድምፅ ሁሉ ከፍ ወይም ዝቅ በሚያደርገው ትራንስፖዝ መነሻውን አስተካክዬ ሰጠሁት፤ እሱም በህንዶቹ የድምፅ ስሞች ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ፓ፣ ዳ እያለ ሲወጣ ሲወርድ እናቴ ጀበናዋን እንደያዘች «ይሄ ትዝታ አይደለም እንዴ?» አለች።

እናቴ አልተሳሳተችም። ቡፓሊ የሚባለው የሰሜን ህንድ ራጋ (እንደ እኛ ቅኝት ያለ የዜማ ሥርዓት) አምስት ድምፆች ከእኛው ሜጀር ትዝታ አምስት ድምፆች ጋር አንድ ናቸው። ጉንካሊ የሚባለውም ራጋ ድምፆቹ ከአምባሰል ጋር ይገጥማሉ። ሆኖም ድምፆቹ አንድ መሆናቸው ዜማውን አንድ አያደርገውም፤ በእነሱም ዘንድ ቢሆን ቡፓሊና ዴሽካር አምስቱንም ድምፅ ይጋራሉ፣ የሚለያዩት ግን ቡፓሊ በጋ ላይ፣ ዴሽካር በዳ ላይ ስለሚያርፉና ዜማው የሚመላለስበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ነው። በቅኝት ያደገ ጆሮ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ለእኛ ሰው የህንድ ሙዚቃ ድርሰት ከሚታሰበው በላይ የሚቀርበው ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ መምህሩ ከጋ ተነሥቶ ወደ ሳ በአንድ ትንፋሽ ተንሸራትቶ ወረደና በኪቦርዷ እንድከተለው ጠየቀኝ። እኔ ጋ፣ ሬ፣ ሳ ብዬ መታሁ፤ እሱ ቁልቁለት ሲወርድ እኔ ደረጃ የወረድሁ ያህል ነበር። ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዘው፤ አዎ ማለቱ ይሁን አይደለም ማለቱ እስከዛሬ አልገባኝም። እንደገና ዘፈነው፤ እኔም እንደገና ደረጃውን ወረድሁ።

ይህ መንሸራተት ሚንድ ይባላል፤ በአንድ ድምፅ ዙሪያ የሚደረገው ማወዛወዝ ደግሞ ገመክ ነው። ህንዳውያን ራሳቸው ከቁልፍ ጋር የተጣሉት በዚሁ ምክንያት ነው። በወናፍ እየተነፋ የሚጮኸው ባለ ቁልፍ መሣሪያ ሃርሞኒየም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ ገብቶ በየቤቱና በየመቅደሱ ከተለመደ በኋላ፣ የህንድ መንግሥት ጣቢያ የሆነው ኦል ኢንዲያ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1971 በሥርጭቱ እንዳይሰማ ከልክሎት ነበር። የተቃዋሚዎቹ ክርክር የእኔዋ ኪቦርድ ላይም በሚገባ ይሠራል፤ ቁልፍ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን አያውቅም። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው አጠገብ የተቀመጠ ሁሉ ነገሩን በዓይኑ አይቶታል፤ ጣቱ በጭራው ላይ እየተንሸራተተ ሲሄድ ድምፁ የሚቋረጥበት ቦታ የለም።

ስለዚህ ለህንድ ሙዚቃ ኪቦርድ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ያለበት በግራ ጫፍ ያለውን ፒች ቤንድ የሚባለውን ትንሽ መንኮራኩር ነው ብዬ አምናለሁ። መንኮራኩሩ ከሌለ 600 ድምፅ ቢኖረው፣ ከመካከላቸውም 30ው የህንድ ቢሆኑ፣ ዕቃው ለዚህ ሥራ አይሆንም። በቀኝ እጅ ጋ የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ በግራ እጅ መንኮራኩሩን ቀስ ብሎ ወደ ታች መሳብ ነው፤ ሌላ ቁልፍ ሳይነካ ድምፁ ይወርዳል። አብዛኞቹ ኪቦርዶች ሲገዙ መንኮራኩሩ ድምፁን በ2 ሴሚቶን (ሴሚቶን ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ፣ ጥቁሩም ተቆጥሮ፣ ያለው ርቀት ነው) ብቻ እንዲያጥፍ ተደርገው ነው፤ ከጋ እስከ ሳ ግን 4 ሴሚቶን ስለሆነ ስፋቱን ከውስጥ መጨመር መቻሉን ማረጋገጥ ይገባል። ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ግን እጅ ትንሽ ሲሳሳት ዜማው ይረክሳልና ጀማሪ በ2 ቢለማመድ ይሻለዋል። እኔ ከ4 ጀምሬ ጎረቤት አሳዝኛለሁ።

በገበያ ላይ ያሉት የታወቁ ሞዴሎች በዚህ ነጥብ የሚለያዩበት ሁኔታ የሚያስገርም ነው። ካሲዮ ሲቲ ኤክስ700 እና ሲቲ ኤክስ800 እንደ ወንድማማች የሚቆጠሩ ሲሆኑ መንኮራኩሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። ከያማሃም በኩል ፒኤስአር ኢ373 በጣት ግፊት ልክ የሚጮኹ 61 ቁልፎችና ጥሩ ድምፅ ቢኖሩትም መንኮራኩር የለውም፤ መንኮራኩሩን ለማግኘት ወደ ኢ463 ወይም ወደ ኢ473 ከፍ ማለት ያስፈልጋል። ፒኤስአር ኢ273 ደግሞ ዋጋው ቢረክስም የጣት ግፊትን አይለይም፣ የዩኤስቢ መሰኪያም የለውም፤ ለልጅ መለማመጃ እንጂ ለድርሰት አልመክረውም። ለህንድ ገበያ ተብለው የተሠሩም አሉ፤ ያማሃ ፒኤስአር አይ500 ሪያዝ የሚባል፣ ታንፑራ (ከሥር አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ የሚይዝ ባለ ክር መሣሪያ) እና ታብላ እያጀቡ የሚያለማምዱበት ክፍል አለው። እኔ አዳማ ውስጥ ሲሸጥ አላየሁም። ከሙምባይ ወይም ከዴልሂ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ሊያስመጣው ይችላል፤ ርዝመቱ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ዕቃ መሆኑን ግን ለዘመዱ ቀድሞ ይንገረው።

ካርቶን ላይ የሚጻፈው «የህንድ ድምፆች» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ሊያስደንቀን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የኪቦርድ ድምፆችን ተራ የሚወስነው ጄኔራል ሚዲ የተባለው ስምምነት ከያዛቸው 128 ድምፆች ውስጥ 105ኛው ሲታር፣ 112ኛው ሸህናይ የሚባለው የህንድ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ይህን ስምምነት የሚከተል ኪቦርድ ሁሉ፣ ስለ ህንድ አንድም ነገር ሳይጽፍ፣ ሁለቱንም ይዟል። 21ኛው ሪድ ኦርጋን ለሃርሞኒየም በቂ ምትክ ይሆናል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሌሉት ታብላና ታንፑራ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ በስልክ ላይ ከሚጫኑ የመለማመጃ መተግበሪያዎች ማግኘት ይቻላል።

የዩኤስቢ መሰኪያ አስፈላጊ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ኪቦርዱ ከኮምፒውተር ጋር ከተገናኘ ድምፁ ደካማ ቢሆን እንኳ ጣታችን የሠራው ሁሉ ሚዲ በሚባለው የኪቦርድና የኮምፒውተር መግባቢያ ይመዘገባል፤ በኋላ የተሻለ የሲታር ድምፅ ከኮምፒውተሩ ማልበስ ይቻላል። ሚዲ የጣትን ግፊት የሚመዘግበው በ127 ደረጃ ሲሆን የመንኮራኩሩን እንቅስቃሴ ግን በ16,384 ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ሚንዱ በስክሪኑ ላይ እንደ ኮረብታ መስመር ሆኖ ይታያል፣ የተንጋደደውንም በማውስ ማቃናት ይቻላል። ሚዲ የሚመዘግብ ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል።

የቁልፍ ብዛት ብዙ አያነጋግርም። ህንዳዊ ዘፋኝ በተለምዶ በሦስት ሳፕታክ (ከሳ እስከ ቀጣዩ ሳ ያለው፣ ኦክታቭ የምንለው) ውስጥ ይዘፍናል፤ 61 ቁልፍ አምስት ኦክታቭ ነውና ይተርፋል፣ ግራ እጅም መንኮራኩሩ ላይ ስለሚውል 88 ቁልፍ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በአንድ ጊዜ የሚሰሙት ድምፆች ብዛትም 48 ከሆነ ይበቃል።

ስለ ምቱ ግን አንድ ነገር ልበል። ስታይል የሚባሉት የኪቦርድ ማጀቢያ ምቶች በአብዛኛው በ4/4፣ በ3/4 እና በ6/8 የተሠሩ ናቸው። 8 ምት ያለው ኬሄርዋ እና 16 ምት ያለው ቲንታል በ4/4 ይታቀፋሉ፤ 6 ምት ያለው ዳድራም ችክችካ ለለመደ ጣት እንግዳ አይደለም። በ2፣ 3፣ 2፣ 3 የሚከፈለው ባለ 10 ምቱ ጃፕታል እና ባለ 7 ምቱ ሩፓክ ግን ከነዚህ በአንዱም አይያዙም። ጃፕታል መሥራት ስፈልግ ስታይሉን አጥፍቼ በጠረጴዛው ላይ በጭብጨባ እቆጥራለሁ። ኪቦርዱ ራሱ የሚያጅብበት ኮርድም (በአንድነት የሚመቱ ድምፆች) ቢሆን ለፊልም ዘፈን እንጂ ለራጋ አይጠቅምም፤ ራጋ በአንድ ዜማና ከሥር በማይቋረጥ የታንፑራ ድምፅ የሚሄድ ነውና።

በመጨረሻ ለአዲስ አቅሜ ስላልፈቀደ ያገለገለ ሲቲ ኤክስ800 ከአዲስ አበባ ገዛሁ። ከዚያ በፊት ያየሁትን አንድ ሌላ ኪቦርድ ሳልገዛ የተመለስሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ስልኬ ላይ ድምፅ መለኪያ ከፍቼ ላ የሚባለውን ቁልፍ ስጫን በትክክል 440 ኸርዝ አሳየኝ፤ መንኮራኩሩን አንድ ጊዜ ገፍቼ ስለቅቀው ግን ከ440 በታች ቀረ። መንኮራኩሩ ወደ መካከል በትክክል አይመለስም ማለት ነው። ሻጩ «ይሄማ በጆሮ አይታወቅም» አለኝ፤ ለህንድ ሙዚቃ የሚፈለገው ግን ይኸው በጆሮ አይታወቅም የተባለው ነገር ነው። 61ዱንም ቁልፍ አንድ በአንድ፣ አንዴ በለሆሳስ አንዴ በኃይል መጫንም ያስፈልጋል፤ በቁልፎቹ ሥር ባሉት ጎማዎች ላይ አቧራ ሲገባ አንዳንዱ ቁልፍ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ሳይታሰብ ይጮኻል። የአዳማን ነፋስ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእኔዋ ሥራ ስትፈታ በአሮጌ ነጠላ ተሸፍና ነው የምትውለው።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ቻርጀሩ የራሱ መሆኑን ማየት እንዳይረሳ፤ ያማሃ ኢ373 በ12 ቮልት፣ ካሲዮ ሲቲ ኤክስ800 በ9.5 ቮልት ስለሚሠሩ መሰኪያው ገባ ተብሎ አይሰካም። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራ መምረጥ ይጠቅማል፤ ኢ373 ለምሳሌ 6 የተለመዱ ትንንሽ ባትሪዎች ይበቁታል።

መምህሩ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት አንድ እሑድ ዳግመኛ መጣ። ካሊ ኤክን ሳይጠይቀኝ ሰጠሁት። እሱ የሚዘፍነው ጋ ኪቦርዱ ከሚያውቀው ጋ በ14 ሴንት ያህል፣ ማለትም ከአንድ ሴሚቶን ሰባተኛ እጅ ያህል፣ ዝቅ እንደሚል አሁን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጋ በመጣ ቁጥር መንኮራኩሩን በአውራ ጣቴ ለጥቂት ወደ ታች ያዝ አድርጌ፣ ወደ ሳ ሲወርድ ደግሞ አብሬው እየሳብሁ ወረድሁ። አቦል ላይ የጀመርነው ቡፓሊ በረካ ድረስ ሄደ። ራሱን እንደዚያ ቀን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዘውዘው በዚህ ጊዜ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ቀጥል» አለኝ፣ በአማርኛ።