የያዕቆብ መልእክትና የአጫጆች ዋጋ

ዛሬ በደብረ ማርቆስ ከቅዳሴ በኋላ የሰማሁት ስብከት በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 4 ላይ የቆመ ነበር፤ እርሻ ያጨዱ ሠራተኞች የተቀማ ደመወዛቸው እንደሚጮኽ፣ ድምፃቸውም ወደ ጌታ ጸባዖት ጆሮ እንደገባ የሚናገረው ቃል ነው። መልእክቱ 5 ምዕራፎች ብቻ ቢኖሩትም ስለ አንደበት፣ ስለ ድኻና ባለጸጋ፣ ስለ ሕሙማን ጸሎት ብዙ ይናገራል፤ መምህሩ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው በጤፍ አጨዳ ሰሞን ይህን መምረጣቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ ተገቢ ነበር። በወንፈል የሚያጭድ ገበሬ ጉልበቱን በጉልበት ያስመልሳል፤ ከሩቅ ቀበሌ ማጭዱን በትከሻው አንግቶ የመጣ የቀን ሠራተኛ ግን «ተወቅቶ ሲሸጥ እሰጥሃለሁ» ከተባለ የሚይዘው ነገር የለም። ይህ ሲነገር ከጎኔ የቆሙ አንድ አባወራ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። መምህሩም ዘዳግም 24 ቁጥር 15ን ጨመሩበት፤ የድኻውን ዋጋ በዕለቱ ስጠው፣ ፀሐይም አይግባበት የሚለውን። ስለ እምነትና ሥራ በምዕራፍ 2 የተጻፈውን ይዘው ሰዎች ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ግን ክርክር አልነበረም። ስብከቱ እንዳበቃ በጥዱ ዛፍ ሥር የተነሣው ወሬ ዘንድሮ የአንድ ቀን አጨዳ ስንት እንደሚከፈል ነበር፤ «ምሳው ከሒሳቡ ይቀነሳል ወይ?» ብሎ የጠየቀም አልጠፋም።