በርበሬያችን የአፍላቶክሲኑን ምርመራ እንዴት አለፈ

ጎንደር ውስጥ ባልትና አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ጀርመን የሐበሻ ሱቅ ያላት ደንበኛዬ በርበሬ ስታዝዝ፣ «የአፍላቶክሲን ምርመራ ውጤት ካልያዘ እዚህ አይገባም» አለችኝ። ነገሩን የተማርኩት ያኔ ነው።

አፍላቶክሲን በርበሬ፣ ለውዝ፣ በቆሎ ላይ የሚወጣ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ጉበትን ያጠቃል፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ምድብ 1 ውስጥ አስገብቶታል። ምድቡ የሚለው «ካንሰር ማምጣቱ ተረጋግጧል» ነው፤ ስንት ቢበላ እንደሚጎዳ አይናገርም። ገደቡን የሚያወጡት መንግሥታት ናቸው። የአውሮፓ ህብረት ለበርበሬ የፈቀደው በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው፤ ቢ1 የተባለው ዓይነት ብቻውን ከ5 ማለፍ የለበትም። በእኛ ሚዛን በኩንታል 1 ሚሊግራም መሆኑ ነው! በዓይን አይታይ፣ በምላስ አይለይ። ቢታመስም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ገደቡን አልቃወምም። ያንኑ በርበሬ ልጆቼም ይበሉታል። ግን የአንድ ናሙና ክፍያ ኩንታል ለሚሸጥም መኪና ሙሉ ለሚጭንም ያው ነው። ስለዚህ ከሌሎች ባልትና አዘጋጆች ጋር ተነጋገርን። ዛላውን አብረን ገዝተን፣ አብረን አስፈጭተን፣ አንድ ላይ እናስመረምራለን። መርዙ እኩል ስለማይሰራጭ ናሙናውን ከአንድ ጆንያ አፍ አንዘግንም፤ ከየጆንያው ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች እናወጣለን።

ዋናው ሥራ ግን ከምርመራው በፊት ነው። ገበያ ላይ ዛላው እንዳይሰባበር፣ ሚዛንም እንዲያነሳ ውሃ የሚያርከፈክፉ አሉ። ሻጋታውን የሚጠራው ይሄ ነው። ዛላውን አንስቼ ጆሮዬ ሥር አንቀጠቅጠዋለሁ፤ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ይንሿሿል። ከዚያ ሰንጥቄ አያለሁ። ላዩ ደም መስሎ ውስጡ አመድማ ሻጋታ የለበሰ ስንት አለ! ቤት ሲገባ ሸራ ላይ ይሰጣል እንጂ መሬት አይነካም። ስንቀነጥስ የተጠራጠርነውን ሁሉ እንጥላለን። ጆንያውም እርጥበት እንዳይስብ ርብራብ ላይ ይቀመጣል።

ቅዳሜ ገበያ አንድ ነጋዴ፣ «እታለም፣ ደረቁን አምጥቼ በሚዛን ልክሰርልሽ እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ውሃ ላልነካው ዛላ በኪሎ ጨምሬ እከፍላለሁ፤ ጭማሪውን ከመነሻው ዋጋዬ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። አሁን እሱ ራሱ ገና ሳልጠይቀው ዛላውን ሰንጥቆ ያሳየኛል።