አዋሽ ባሕር አይደርስም

የአዲስ አበባ–ጅቡቲን መስመር በተሳቢ የሠራ ሰው አዋሽን መልመዱ አይቀርም። አንዴ ድልድይ ላይ ትሻገረዋለህ፤ አንዴ ከመንገዱ ርቆ አረንጓዴ የዛፍ መስመር ሆኖ ታየዋለህ። ከዚያ እኛ በጋላፊ አድርገን ወደብ እንገባለን። እሱ ግን ዱብቲንና አሳይታን አልፎ፣ ሐይቅ ለሐይቅ እየተቀባበለው፣ ድንበሩ ላይ ያለው አቤ ሐይቅ ይገባና እዚያው ይቀራል። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ! ባሕሩ እኮ ቅርብ ነበር።

ምን ቀረበት ካላችሁኝ፣ አፍ ቀረበት እላለሁ። ወንዝ ከባሕር የሚቀላቀልበትን ቦታ ማለቴ ነው።

በሹፌር አፍ ልናገርና፣ ወንዝ ጭነቱን የሚያራግፈው እዚያ ነው። ጨዋማው ውኃ ከበድ ስለሚል ከሥር ይገባል፤ የወንዙ ውኃ ከላይ ይንሳፈፋል። ደቃቁ ደለል ጨው ሲነካው እርስ በርሱ እየተጣበቀ ወደ ታች ይሰምጣል። ባሕሩ ደግሞ ገባ ወጣ እያለ ጭቃውን ያገላብጠዋል። ጭቃው ውስጥ ትሉ፣ ቀንድ አውጣው፣ ሸርጣኑ ይርመሰመሳል። ብዙ የባሕር ዓሣ ጫጩቱ የሚያድገው እዚህ ነው፤ ምግብ ሞልቷል፣ ውኃው ጥልቅ ስላልሆነም ትልልቁ ዓሣ እንደልቡ አይገባም። አገሩ ሞቃት ከሆነ ማንግሮቭ የሚባለው፣ ጨዋማ ውኃ የሚችል ዛፍ ይበቅላል። ሥሩ ማዕበል ይሰብራል፣ አፈር ይይዛል። ሰው ይሄንን ሁሉ ደልድሎ ከተማ ይሠራበትና፣ በኋላ ዓሣው የት ሄደ ይላል።

ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ጭቃውን ግን አይቼዋለሁ። የጭነት ተራ ስንጠብቅ ባሕሩ ይሸሻል፣ እርጥቡ መሬት ይገለጣል፣ ወዲያው ቀጫጭን እግር ያላቸው ወፎች ወርደው ምንቃራቸውን ይወጉታል። እኔ ቃሊቲ ነው የምኖረው። የእነዚህን ወፎች ዘመዶች በበጋ ከአቃቂ በታች፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ ዳር አያቸዋለሁ። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡ ናቸው። አመድማዎቹ ረጃጅሞች ደግሞ በመንጋ ሆነው ከታጨደ ማሳ ላይ እህል ይለቅማሉ።

የወንዝ አፍ ነገር በደንብ የገባኝ ግን በአባይ ነው። ናይል ግብፅ ከሚደርሰው ውኃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእኛ ደጋ የሚወርድ ነው። የክረምቱ ጎርፍ መኸር ላይ ሜዲትራኒያን ሲገባ፣ ይዞት የሚሄደው ነገር በዓይን የማይታዩ የባሕር ዕፅዋትን ያፈላቸው ነበር። ሰርዲኑ በዚያ ላይ ይሰባሰባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ግብፆች 18,000 ቶን ያህል ሰርዲን አጥምደዋል። በ1964 የአስዋን ከፍተኛው ግድብ ውኃ መያዝ ጀመረ። በ1968 የተጠመደው 600 ቶን አልሞላም። ከናይል ሁለት አፎች አንዱ ባለበት በራሺድ በኩል ያለው የባሕር ዳርቻም ደለሉ ሲቀርበት በማዕበል ተበልቷል። አፈራችን ተወሰደ ብለን የምናማርርበት ጎርፍ፣ ለካ ከታች የዓሣ ቀለብ ነበር። ዓሣው ከዓመታት በኋላ አገግሟል። ከምክንያቶቹ ዋነኛ የሚባለው ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ መሆኑ ግን ደስ አይልም።

ፍሳሽ ካልን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማውን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። ቆዳ ፋብሪካው፣ ጋራዡ፣ መጸዳጃ ቤቱ ሁሉ የሰጣቸውን ይዘው ነው። ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ ሐይቅ። እምቦጩ አባ ሳሙኤልንም ቆቃንም የወደደው ያለ ነገር አይደለም፤ የሚበላው ተልኮለታል። ሌላ ወንዝ ቢሆን የተረፈውን ባሕር ይቀበለው ነበር። አቤ ሐይቅ ግን መውጫ የለውም። ውኃው በፀሐይ ይተናል፣ የማይተነው እዚያው ይጠራቀማል።

ስለዚህ ለእኛ የወንዝ አፍን ሥራ የሚሠራልን አባ ሳሙኤል ዙሪያ ያለው ረግረግ ነው ባይ ነኝ። ውኃውን ያዘገየዋል፣ ደለሉን ያስቀረዋል፣ ሣሩ ከቆሻሻው የተወሰነውን ይመጠዋል። ሁሉንም አይችልም፤ የከተማ ፍሳሽን ያለ ማጣሪያ ለረግረግ መተው ግፍ ነው። ግን እሱም ባይኖር ቆቃ የሚደርሰው ከዚህ የባሰ ነበር።

ገልባጭ የሚነዱ ጓደኞች አሉኝ። የቁፋሮውን አፈር የት ነው የምትደፉት ስላቸው፣ «ረግረግ ጋ ነዋ፣ ባዶ ቦታ አይደል?» ይሉኛል። ባዶ! አንዱን ታኅሣሥ ላይ ወስጄ ወፎቹን እንዲቆጥር አደርገዋለሁ ብያለሁ። መቶ ካልሞሉ ክትፎው በእኔ ነው። ከሞሉ በእሱ፣ አፈሩንም ሌላ ቦታ ይፈልግለታል። እስካሁን «እሺ» አላለም።